ለአጭር አፈሙዝ የሚስማማ

ሰኞ ጠዋት ትርንጎ እንደ ወትሮዋ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳች። ፊቷን ታጠበች፣ ደጁን ጠረገች፣ ከትናንት የተረፈውን ቂጣ በሻይ በላች። በጥቁር ቀሚሷ እጅጌ ላይ የዓርብ ጠመኔ ቀርቶ ነበርና በእርጥብ ጨርቅ አነሳችው። ከዚያ የራስጌውን መሳቢያ ከፍታ ሽጉጡን አወጣች። አምስቱን ጥይቶች አራግፋ ጠረጴዛው ላይ በተርታ አቆመቻቸው፤ ከስኒ ለጋ ቅቤ በጣቷ ጫፍ እየነካች አንድ በአንድ አሸቻቸው፤ መልሳ አጎረሰችው። ሰዓቷን አየች። ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ለመሄድ ገና ነበር።

ወር በገባ በሃያ ሰባት ይህን ስታደርግ ስድስተኛ ጊዜዋ ነው። ቅቤው የእሷ ፈጠራ አልነበረም። የባሏ የፈንቴ ወገኖች ጥይት እንደ ሰው ራስ ካልተቀባ ይደርቃል ይላሉ፤ አያታቸውም እንዲሁ ይሉ ነበር ይባላል። ፈንቴ መሬት ቀያሽ ነበር። ሽጉጡን በሥራ ቦርሳው ውስጥ ከገመዱና ከካርታው ጋር ይዞ ይዞር ነበር እንጂ ስለ እሱ ብዙ አያወራም። ጥይቶቹን የሚቀባቸው በዓመት አንዴ፣ ለእንቁጣጣሽ ነው። በኅዳር ሲሞት ሥራው ወደ እሷ ተላለፈ፤ እሷ በየወሩ አደረገችው።

ቤቱ ከቡሬ ከተማ ዳር፣ ከባሕር ዛፉ በታች ነው። የመኝታ ቤቷን ግድግዳ ከጎረቤቷ ከውድነሽ ጋር ትጋራዋለች፤ ጭቃ ነው፣ ውፍረቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ከወዲያ በኩል የውድነሽ መንታ ሕፃናት ይተኛሉ። በየካቲት አንድ ሰው አጥሩን ሊዘል ሞክሮ ነበር። ትርንጎ መስኮቱን ከፍታ ሽጉጡን አሳየችው። ሰውየው ጥቂት ቆሞ አያት፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ራሱን ዝቅ አደረገና ሄደ። ይህን ለማንም አልተናገረችም።

የዚያኑ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከፈንቴ ታላቅ ወንድም ከአቶ ይርዳው ደብዳቤ መጣላት። የመንፈቁ ተዝካር ግንቦት አጋማሽ ላይ እንዲሆን ወስነዋል። በሬውን እሳቸው ያመጣሉ፤ ከደንበጫም አልቃሽ ያስመጣሉ፤ በቀብሩ ቀን ከቤቱ በቂ ድምፅ አልወጣም ተብሎ በአገር ተወርቷልና። ሽጉጡም በወጉ መሠረት ይተኮሳል።

ወጉን ታውቀዋለች። በእነ ፈንቴ አገር የሟች መሣሪያ በተዝካሩ ዕለት ይተኮሳል፤ ሳይከሽፍበት የተኮሰ ሰው መሣሪያውን ይይዛል፣ የሟችንም ደጅ ይጠብቃል። አቶ ይርዳው ደጁን እንዴት እንደሚጠብቁ ጽፈውላታል፤ ቤቱን ይዘጉትና እሷን ወደ ገጠር ግቢያቸው ይወስዷታል። ክፍል ተለይቶላታል፣ መስኮትም አለው። ክፉ ሰው አልነበሩም። ክፉ ቢሆኑ ነገሩ ቀላል ይሆን ነበር።

ማክሰኞ ሽጉጡን በመሐረብ ጠቅልላ ወደ ባሻ ጓንጉል ዘንድ ወሰደችው። ባሻ ጓንጉል በወጣትነታቸው የጦር ሠራዊት መሣሪያ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነበሩ፤ አሁን በገበያው ጥግ ቁልፍ፣ የፕሪመስ ምድጃና ፈቃድ ያለው መሣሪያ ይጠግናሉ። መሐረቡን ፈቱ፣ አንዱን ጥይት አነሱ፣ አሸተቱት።

«ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«ስንቴ?»

«ስድስቴ።»

ጥይቱን በብርሃን ላይ አዙረው አዩት። «ልጄ፣ በዝገት የሞተ ጥይት ብዙ ቀብሬያለሁ። በእንክብካቤ የሞተ ግን ገና ዛሬ ማየቴ ነው።»

ከዚያ አስረዷት። ከቀለሁ በስተጀርባ መሐሉ ላይ እሳት የምትጭር ትንሽ ክብ ነገር አለች። ቅቤ ሲበዛ በዙሪያዋ ሰርጎ ይገባና ያረጥባታል። ከላይ ያብረቀርቃል፤ ያየ ሁሉ ደህና ነው ይላል። ውስጡ ግን ረጥቧል፤ በቸገረሽ ቀን አይነሳም። ትርንጎ ይህን ሁሉ ቀጥ ብላ ሰማች። የሚበጀው ምን እንደሆነ ጠየቀች። እሳቸው ደግሞ ጥይቱ ለማን እንደሆነ ጠየቋት።

«ለሚመጣ።»

«የሚመጣው ሌባ ነው ዘመድ?»

«ሌባ ደብዳቤ አይጽፍም፣ ባሻ።»

ባሻ ጢማቸውን ዳሰሱ። ቅዳሜ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው አሮጌ ድንጋይ መፍለጫ እንድትመጣ ነገሯት።

ቅዳሜ በመጀመሪያ የተቀቡትን አስተኮሷት። ከፊቷ ከፍ ያለ የቀይ አፈር ግድግዳ ነበር። ምላጩን ሳበች፤ ቀጭ አለ። ባሻ ከጎኗ ሆነው አፈሙዙን ወደ አፈሩ እንዳቀናች እንድትቆይ፣ አንድ አባታችን ሆይ እስክትጨርስ ድረስ እንዳታዞረው አዘዟት። የከሸፈ የመሰለ አንዳንዴ የዘገየ ነው አሉ፤ ስንቱን ሰው የጎዳው የቸኮለ ምርመራ ነው። አንድ አባታችን ሆይ ደገመች። ሁለተኛው ቀጭ አለ፤ ደገመች። ሦስተኛው፣ አራተኛው። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ይህን ያህል ጸልያ አታውቅም። አምስተኛው ሳል የመሰለ ድምፅ አሰማ፤ ከአፈሙዙ ጫፍ ትንሽ ጢስ ወጣች፤ አፈሩ ላይ ግን ምንም አልተነካም።

ባሻ ሽጉጡን ተቀበሏት። አራገፉት፣ በአፈሙዙ ውስጥ ወደ ሰማይ አጮለቁ፣ ምንም ብርሃን አልታያቸውም። ከኪሳቸው የነሐስ ዘንግ አውጥተው በቀስታ እየመቱ መሐል ላይ ተወትፎ የቀረውን እርሳስ አስወጡት።

«ይቺን ዕወቂ፤ ከአፉ ደርሶ ያልወጣ ከከሸፈው ይብሳል። ወጥቷል ብለሽ ሌላ ከኋላው ብታስከትዪ አፈሙዙ ይሰነጠቃል። አንቺም አብረሽ።»

ትርንጎ አዎ አለች። እርሳሱን ወስዳ ኪሷ ውስጥ ልትከት ስትል ባሻ ከእጇ ተቀብለው ወደ ቁጥቋጦው ወረወሩት።

ከዚያ ያመጧቸውን ጥይቶች ዘረጉ። ሰው ሁሉ የሚወደው ባለ ትልቅ ባሩዱ ነው አሉ፤ ገበያ ላይ እሱን ጠይቆ የማይሄድ የለም። እሱ ግን ለረጅም አፈሙዝ የተሠራ ነው። ረጅሙ ውስጥ ባሩዱ እየነደደ ይጓዛል፣ እሳቱ ሁሉ እርሳሱን ይገፋል። የዚህ ሽጉጥ አፈሙዝ ከአውራ ጣት ብዙ አይበልጥም፤ ባሩዱ ነዶ ሳይጨርስ አፈሙዙ ያልቅበትና ውጭ ይነድዳል። ነበልባል ነው፣ ጩኸት ነው፣ አገር ይሰማል። ተኳሹ ለአፍታ ይታወራል፣ ክንዱንም ወደ ላይ ይነጥቀዋል። የተተኮሰበት ሰው ደንግጦ ቆሞ ይቀራል እንጂ ብዙ አይሆንም።

«ታዲያ ለምን ይወዱታል?» አለች።

«ከውጭ ለሚሰማው ነዋ።»

መዳብ የለበሰውን ራሷ አነሳችው። ጠንካራ ነው፣ አይበላሽም፣ በጣትም ደስ ይላል። ባሻ ከግድግዳዋ ወዲያ ማን እንደሚተኛ ጠየቋት። ነገረቻቸው። ጥይቱን ከእጇ ወስደው ወደ ሣጥኑ መለሱት፤ ያ የመታውን አልፎ ያልታሰበውን የሚያገኝ ነው፤ ሕፃን ባለበት ቤት አይነገርም አሉ። አይተኮስም ማለታቸው ነበር፤ አላረሙትም።

አንድ ሌላ ነበር፤ አፉ የተቦረቦረ፣ ከውጭ አገር የመጣ፣ በሚያምር ካርቶን የታሸገ። ካርቶኑ ላይ አበባ የመሰለ ሥዕል አለበት፤ ሥጋ ውስጥ ሲገባ እንደዚያ ይከፈታል ተብሎ ነው። ባሻ ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ለመከፈት ፍጥነት ይፈልጋል አሉ፤ አጭር አፈሙዝ ያን አይሰጠውም። የእኛ አገር ሰው ደግሞ ጋቢ ደርቦ ነው የሚመጣው። አፉ በጥጥ ይሞላና ሳይከፈት፣ ምንም ሳይል ያልፋል።

ትርንጎ በዚህ ስድስት ወር ቤቷ የመጡትን አጽናኞች አሰበች ለማለት አይቻልም። ካርቶኑን ዘጋችው፣ ያን ያህል ነው።

የቀረው ራሰ ደፋጣው ነበር፤ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ምንም ያልለበሰ ለስላሳ እርሳስ፣ ባሩዱ ጥቂት፣ ዒላማ ለሚለማመዱ የሚሸጥ። ባሻ ስለ እሱ ብዙ አላሉም። ዝግ ይላል። ድምፁ የበር መዝጊያ ሲገጠም የሚሰማውን ያህል ነው። ክንድ አይነጥቅምና ሁለተኛውም ከመጀመሪያው አጠገብ ያርፋል። የገባበት ውስጥ ይቀራል። ጉራ ስለሌለው ሰው ይንቀዋል። አምስት ሰጧት። ተኮሰች። አምስቱ ጉድጓዶች በአንድ መዳፍ ይሸፈኑ ነበር።

«ይህን ነው» አለች።

ሌላ አምስት ሰጥተዋት በደረቅ ጨርቅ ብቻ እንድትይዛቸው፣ ወር በገባ ቁጥር እያወጣች እንዳትደባብሳቸው አስጠነቀቋት። እዚያ መኖራቸውን ማወቅ ይበቃል አሉ።

የተዝካሩ ዕለት ዳስ ተጣለ፤ ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ማዕዱን ባረኩ፤ ሰው በላ፣ ጠጣ። አቶ ይርዳው ከበሬው ጋር በበቅሎ መጥተው ነበር፤ በቅሎዋን ከአጥሩ አሰሩ። ረጅም፣ አንገታቸው ደልደል ያለ፣ ሲናገሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ የሚያደርጉ ሰው ናቸው። አልቃሿ ከደጃፉ ተቀምጣ ፈንቴን ከማያውቀው ጫካ ጋር፣ ገድሎት ከማያውቀው አንበሳ ጋር ታወድሰው ነበር። ሴቶቹ ዓይናቸውን ጠረጉ። ትርንጎ እንግዶቹ ውሃ ማግኘታቸውን እየተዘዋወረች አየች። ሁለት አሮጊቶች ይህን ሲያዩ ተያዩ፤ አንዷ፣ የተማረ ሰው እንባውም በፕሮግራም ነው አለች፣ ቀስ ብላ ግን ሊሰማ በሚችል ድምፅ።

ፀሐይ ዘንበል ሲል አቶ ይርዳው ተነሥተው ሽጉጡን ጠየቁ። ትርንጎ አራግፋ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። ከዚያ በኋላ እሷም ልትተኩስ እንደምትፈልግ ነገረቻቸው፤ ወጉ ሳይከሽፍበት የተኮሰ ሰው ይላል እንጂ ወንድ አይልምና። አቶ ይርዳው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ፤ ወጉን ሦስቴ ደገሙት፤ ወንድ የሚል ቃል በየትኛውም ጊዜ አልወጣም። አንደኛው፣ አባቶቻችን ይህን አላሰቡትም ነበር ብለው አዘኑ።

«እንግዲያው ቅደሚ» አሉ አቶ ይርዳው።

«ታላቅ እያሉ፣ አያ ይርዳው?»

ይህ ለሁሉም ትክክል መሰላቸው። አቶ ይርዳው ከወገባቸው በጨርቅ የተቋጠሩ አምስት ጥይቶች ፈቱ፤ ባለ ትልቅ ባሩድ ናቸው፣ ጨርቁ በቅቤ ወዝቷል። ወንድማቸው ከሞተ ጀምሮ እሳቸውም በየወሩ ሲቀቡ ነበር። አጎረሱ። ክንዳቸውን ወደ ሰማይ አነሡ። አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

ቀጭ አለ።

ከእንግዶቹ መሐል የነበሩት ባሻ ጓንጉል ከተቀመጡበት አንድ አባታችን ሆይ ይድገሙ አሉ፤ አቶ ይርዳው ክንዳቸውን እንዳነሡ ደገሙ። ሁለተኛውም ቀጭ አለ። ደገሙ። ሦስተኛው ጮኸ። ነበልባሉ የዳሱን ቅጠል አበራው፤ የአቶ ይርዳው ክንድ ወደ ኋላ ተወረወረ፤ በቅሎዋ ገመዷን በጥሳ በባሕር ዛፉ መሐል ሄደች፤ የውድነሽ መንቶች ከግድግዳው ወዲያ ባንድ ድምፅ አለቀሱ። አልቃሿ አንበሳው ጋ ደርሳ ነበር፣ እዚያው ተወችው። ጢሱ ሲገለጥ አቶ ይርዳው ዓይናቸውን እያሹ በሌላኛው እጃቸው ምላጩን እንደገና ሳቡ። ቀጭ አለ።

«ጥይቱም ተዝካር በልቶ ጠገበ» አለ ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው።

ማንም አልሳቀም፤ ብዙዎች ግን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። አቶ ይርዳው ጸሎቱን ሳይዘልሉ ደገሙና አምስተኛውን ሳይሞክሩ ሽጉጡን አራግፈው መለሱ። በቅሎዋ የሄደችበትን አቅጣጫ አንዴ አዩ። ባሻ ተነሥተው በአፈሙዙ ውስጥ ብርሃን መኖሩን አዩና ለትርንጎ ሰጧት።

ትርንጎ ራሰ ደፋጣዎቹን አጎረሰች። ወደ ሰማይ አላነሣችም። ወደ ላይ የወጣ ጥይት የአንድ ሰው ጣሪያ ላይ ይወርዳል። ከቤቱ ኋላ ውሃ መውረጃ ሲቆፈር የተቆለለ አፈር ነበረ፤ ፈንቴ ነበር ያስቆፈረው። ሰዎቹን ከኋላዋ እንዲሆኑ ለመነች፣ በአሥር እርምጃ ቆመች፣ በሁለት እጇ ያዘች፣ ምላጩን ሳበች።

ድምፁ የበር መዝጊያ ሲገጠም የሚሰማውን ያህል ነበር። አልቃሿ አጠገቧ ያለችውን ሴት፣ ተኮሰች እንዴ ብላ ጠየቀች። መንቶቹ ቀድሞውኑ ዝም ብለው ነበር፣ እንደዚያው ቆዩ።

አቶ ይርዳው ወደ አፈሩ ሄዱ። ተንበርክከው በጣታቸው፣ ከዚያ በእንጨት ቆፈሩ። እንደዚህ ያለች ድምፅ የሆነ ነገር ትሠራለች ብለው አላመኑም። እስከ ክንዳቸው አጋማሽ ገቡ። ሲያወጡ በመዳፋቸው ላይ ተጠፍጥፎ የቀረ እርሳስ ነበር። ምንም አልጎደለበትም፤ እንዳለ እዚያው ውስጥ ቀርቷል። ገና ይሞቅ ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ለምን አምስቱንም አልተኮስሽም?» አሉ፣ ወደ እሷ ሳይዞሩ።

«የሞተው አንድ ሰው ነው፣ አያ ይርዳው።»

አቶ ይርዳው እዚያው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ትከሻቸው ሁለት ሦስቴ ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን አልነበረውም። አልቃሿ ልትነሣ ስትል ባሻ ጓንጉል በእጃቸው አስቀመጧት። ትርንጎ ሽጉጡን ወደ መሬት አዙራ ከጎናቸው ቆመች። አንድ ሰው በቅሎዋ ከወንዙ ማዶ ሣር እየጋጠች መገኘቷን ሊነግር መጣና ሁለቱን አይቶ ተመለሰ።

ሲነሡ አቶ ይርዳው እርሳሱን ጨብጠውት ነበር። አልመለሱትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ያ መስኮት ያለው ክፍል ምን እንደሚደረግበት እንደማያውቁ ተናገሩ። እህል ያስቀምጡበት ይሆን አለች። ይሆናል አሉ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ በሚሰማ ድምፅ፣ በይ ደጅሽን ጠብቂ አሏት፤ በእግራቸውም ወደ በቅሏቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ሰኞ ትርንጎ ቂጣዋን በልታ፣ ከትምህርት ቤት በፊት ባሻ ጓንጉል ዘንድ ደረሰች። ሽጉጡን ጠረጉላት። የተተኮሰውን ቀለህ አውጥተው ጣሉ፤ አራቱን ደረቅ መሆናቸውን እያዩ መለሱ። ከመሳቢያቸው አንድ ራሰ ደፋጣ አወጡ።

«አምስተኛውን ልሙላልሽ?»

በአራት መያዝ ጉዳት እንዳለው ጠየቀች። ባሻ ጥይቱን በጣታቸው መሐል ይዘው አሰቡ። የድሮ ወታደሮች እንዲያውም እንደዚያ ያደርጉ ነበር አሉ። በሽጉጡ ተሽከርካሪ ላይ ካሉት የጥይት ቀዳዳዎች አንዱን ባዶ ይተዉና መምቻው በሚያርፍበት ቦታ ያደርጉታል። ሰው ነው፣ ይወድቃል፤ ዕቃም ከእጅ ያመልጣል። መምቻው የሚያርፈው ባዶው ላይ ከሆነ ምንም ቢመታው አይተኩስም።

«እንደዚያ ያድርጉልኝ» አለች።

ባሻ ጥይቱን ወደ መሳቢያው መለሱት። ባዶውን ከመምቻው ሥር አዞሩላትና ዘጉት። በመሐረቧ ጠቅልላ ወደ ቤት ወሰደችው፤ ራስጌው መሳቢያ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች፤ ከዚያ ወደ ክፍሏ፣ ወደ ተማሪዎቿ ሄደች።

አሁን በሽጉጡ ውስጥ አራት ጥይት አለ። የአምስተኛው ቦታ ባዶ ነው።